የኪቦርድ ግብዓት በጃቫ ስዊንግ፦ ኪይ ሊስነር፣ ኪይ ባይንዲንግ ወይስ ሌላ?

«ፕሮግራሙ እንደተከፈተ ኪቦርዱ ይሠራል፤ አንድ በተን በማውስ ከተጫነ በኋላ ግን ጭራሽ አይሰማም።» በጃቫ ስዊንግ (የጃቫ የመስኮትና የበተን መሥሪያ ላይብረሪ) የዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ፎከሱን ወደ ፓነሉ መልሰው» የሚል ነው፤ ፎከስ ያለው ማለት የኪቦርዱን ግብዓት አሁን የሚቀበለው የመስኮቱ ክፍል ነው። ለዕለቱ ያስታግሳል፤ ነገ ሌላ በተን ሲጨመር በሽታው ይመለሳል። የሚያዛልቀው ለሥራው የሚስማማውን መንገድ ከመጀመሪያው መምረጥ ነው።

ስዊንግ ውስጥ ኪቦርድን ለመቀበል የሚያገለግሉ አምስት መንገዶች አሉ። ኪይ ሊስነር፣ ማለትም የቁልፍ ጭነትን የሚያዳምጥ ኮድ፣ ከሁሉም ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ከጃቫ 1.1 ጋር የመጣ ነው። ኪይ ባይንዲንግ፣ ማለትም ኢንፑት ማፕ እና አክሽን ማፕ የሚባሉት ጥንድ ሰንጠረዦች፣ በ2000 ከጃቫ 1.3 ጋር ተጨመረ። ኪይ ኢቨንት ዲስፓቸር (የቁልፉን መልእክት፣ ማለትም ኢቨንቱን፣ ከሁሉም ቀድሞ የሚያይ) እና ዶኩመንት ፊልተር (ወደ ጽሑፍ ሳጥን የሚገባውን የሚያጣራ) በ2002 ከጃቫ 1.4 ጋር ተከተሉ። አምስተኛው የሜኑ አክስለሬተር፣ ማለትም ለሜኑ ትእዛዝ የሚሰጥ አቋራጭ ቁልፍ፣ ነው። ብዙ መማሪያዎች ዕድሜ ጠገቡን ኪይ ሊስነር ስለሚያስቀድሙ ጀማሪው ለሁሉም ነገር እሱን ይዞ ይቀራል፤ የአብዛኛው ችግር ምንጭም ይኸው ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ። ከኪቦርዱ የምትፈልጉት ምንድን ነው? ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ። ትእዛዝ ሊሆን ይችላል፦ አስቀምጥ፣ ፈልግ፣ ሰርዝ። ወይም የቁልፉ ሁኔታ ሊሆን ይችላል፦ የቀኝ ቀስት አሁን ተይዟል ወይስ ተለቋል? ለጽሑፍ ዶኩመንት ፊልተርን፣ ለትእዛዝ ኪይ ባይንዲንግን ወይም አክስለሬተርን፣ ለሁኔታ ኪይ ሊስነርን ያዙ። ዲስፓቸር ለጥቂት ልዩ ጉዳዮች ይቀመጥ፤ ከእነዚያ ዋናው ባርኮድ ስካነር ነው።

ሦስቱ ኢቨንቶች

አንድ የፊደል ቁልፍ ተጭኖ ሲለቀቅ ስዊንግ ሦስት ኢቨንት ይልካል፦ ኪይ ፕሬስድ፣ ኪይ ታይፕድ እና ኪይ ሪሊዝድ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የሚናገሩት ስለ ቁልፉ ነው፤ መካከለኛው ስለወጣው ፊደል። ስለዚህ በኪይ ታይፕድ ውስጥ የቁልፍ ኮዱ ሁልጊዜ 0 ነው። «ኮዱ የኢንተር ከሆነ» የሚል ሁኔታ እዚያ ከጻፋችሁ መቼም እውነት አይሆንም፤ የስህተት መልእክትም አይወጣም፤ ዝም ነው። በሌላ በኩል ቀስቶች፣ ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉት ቁልፎች፣ ሆም እና ኢንድ ፊደል ስለማያወጡ ኪይ ታይፕድ አይልኩም።

ቁልፉ ተይዞ ሲቆይ ዊንዶውስ ላይ ፕሬስድ እና ታይፕድ እየተደጋገሙ ይመጣሉ፤ ሪሊዝድ የሚመጣው ጣት ሲነሳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሊኑክስ በኤክስ11 (መስኮቶችን በሚያሳየው ሲስተም) ላይ ግን በየድግግሞሹ ሪሊዝድም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ ስለ ጌም ስናወራ ይመለሳል።

ኪይ ሊስነር የሚወድቅበት ቦታ

ኪይ ሊስነር የሚሰማው የተሰካበት ኮምፖነንት (በተን፣ ሳጥን፣ ፓነል የመሰለ የመስኮት ክፍል) ራሱ ፎከስ ሲኖረው ብቻ ነው። ጄፓነል በራሱ ፎከስ አይወስድም፤ ቢጫኑትም አይቀበልም። «ሴት ፎከሰብል» እና «ሪኩዌስት ፎከስ ኢን ዊንዶው» የሚሉትን ሜተዶች መጥራት ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚሠራው መስኮቱ በ«ፓክ» ከተዘጋጀ ወይም ከታየ በኋላ ነው። በፓነሉ ኮንስትራክተር (ፓነሉን በሚፈጥረው ኮድ) ውስጥ፣ ከዚያ በፊት፣ ከተጠራ ከንቱ ነው። ከዚያ ተጠቃሚው በተን ሲጫን ፎከሱ ወደ በተኑ ይሄድና ሊስነሩ ይደነቁራል።

አንዳንዶች በተኖቹን ሁሉ ፎከስ እንዳይቀበሉ በማድረግ ያመልጣሉ። ይህን አታድርጉ። ማውስ የማይጠቀሙ፣ በታብ እየዘለሉ የሚሠሩ ሰዎች አሉ፤ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዓይነ ስውርም በዚያ መንገድ ነው በተኑን የሚያገኘው። የራስን ችግር ለመሸፈን የእነሱን በር መዝጋት ይሆናል።

ታብ ራሱ ሌላ ወጥመድ ነው። ፎከስ ማዛወሪያ ስለሆነ ስዊንግ ቀድሞ ይወስደዋል፤ ሊስነሩ አያየውም። ማየት ካስፈለገ በዚያ ኮምፖነንት ላይ «ሴት ፎከስ ትራቨርሳል ኪይስ ኢነብልድ» የሚለውን ፎልስ ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ከኮምፖነንቱ መውጫ ሌላ ቁልፍ ማዘጋጀት የእናንተ ኃላፊነት ነው፤ ካላዘጋጃችሁ ተጠቃሚው እዚያው ታስሮ ይቀራል።

ሦስተኛው ወጥመድ ትእዛዝን በፊደል መለየት ነው። «የወጣው ፊደል ኤስ ከሆነ አስቀምጥ» የሚል ኮድ ካፕስ ሎክ ሲበራ አንዴ ይወድቃል፤ አማርኛ ኪቦርድ ሲበራ ደግሞ የወጣው ፊደል «ስ» ስለሆነ ሁለተኛ ይወድቃል። ትእዛዝ በቁልፍ ኮድ እንጂ በፊደል አይለይም።

ለትእዛዝ፦ ኪይ ባይንዲንግ

አሠራሩ ቀላል ነው። ኢንፑት ማፕ ቁልፍን ከስም ጋር ያያይዛል፤ አክሽን ማፕ ያንን ስም ከሥራው ጋር ያያይዛል። ኮንትሮልና ኤስ ሲጫኑ ፋይል እንዲቀመጥ፦

1. አብስትራክት አክሽንን የሚወርስ ክላስ ጻፉ፤ የማስቀመጡን ሥራ «አክሽን ፐርፎርምድ» ውስጥ አስገቡ።
2. ከመስኮቱ ሩት ፔን (በመስኮቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሚይዘው ክፍል) ላይ «ዌን ኢን ፎከስድ ዊንዶው» የሚለውን ኢንፑት ማፕ ውሰዱና ኪይ ስትሮኩን (የሚጫኑትን ቁልፎች ጥምረት) ከአንድ ስም ጋር አያይዙ።
3. በዚያው ሩት ፔን አክሽን ማፕ ላይ ያንኑ ስም ከአክሽኑ ጋር አያይዙ።

ስሙ በሁለቱም ሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ፊደል ሳይለይ አንድ መሆን አለበት። በአማርኛ ስም መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን አንዱ ጋ «መልእክት»፣ ሌላው ጋ «መልዕክት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ለጃቫ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ ቁልፉም ምንም አይሠራም። ስሙን አንድ ጊዜ በቋሚ ተለዋዋጭ አስቀምጣችሁ ሁለቱም ቦታ እሱን ጥሩ።

ኢንፑት ማፕ ሦስት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ የግማሽ ቀን ድካም ያድናል። «ዌን ፎከስድ» የሚሠራው ኮምፖነንቱ ራሱ ፎከስ ሲኖረው ነው። «ዌን አንሴስተር» የሚሠራው በውስጡ ካሉት ልጆች አንዱ ፎከስ ሲኖረው ነው፤ ለምሳሌ በአንድ ፎርም ውስጥ ካሉት ሳጥኖች በማናቸውም ላይ ሆኖ ኢስኬፕ ሲጫን ፎርሙ እንዲጸዳ ከፈለጋችሁ ምርጫው እሱ ነው። «ዌን ኢን ፎከስድ ዊንዶው» ደግሞ በመስኮቱ ውስጥ ፎከሱ የትም ቢሆን ይሠራል። ምንም ሳትገልጹ «ጌት ኢንፑት ማፕ» ብላችሁ ብቻ ከጠራችሁ የሚሰጣችሁ የመጀመሪያው ነው። «ኪይ ባይንዲንግም እንደ ኪይ ሊስነር አስቸገረኝ» የሚል ሰው በአብዛኛው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቁልፍ ሲጫን ስዊንግ መጀመሪያ ፎከስ ያለውን ኮምፖነንት ኪይ ሊስነሮች ይጠይቃል። እነሱ «ኮንስዩም» ካላደረጉት፣ ማለትም እዚያው ካላስቀሩት፣ ወደ ኮምፖነንቱ የራሱ ኢንፑት ማፕ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ወደ ወላጆቹ፣ ቀጥሎ ወደ መስኮቱ፣ በመጨረሻ ወደ ሜኑ ባሩ። ቀድሞ የተቀበለው ሌላውን ያስቀራል። ለዚህ ነው በስፔስ ቁልፍ የሚጀምርና የሚቆም የድምፅ ማጫወቻ ሠርታችሁ ተጠቃሚው አንድ በተን ከተጫነ በኋላ ስፔሱ ያንኑ በተን ደግሞ የሚጫነው፤ በተን ስፔስን በራሱ ኢንፑት ማፕ ውስጥ ይዞ ነው የሚወለደው። መፍትሔው በበተኑ ኢንፑት ማፕ ላይ ስፔስን «ነን» ከሚል፣ አክሽን ከሌለው ስም ጋር ማያያዝ ነው፤ ለመጫኑም ለመለቀቁም። ያን ጊዜ ፍለጋው በተኑን አልፎ ወደ መስኮቱ ይደርሳል። ነገር ግን በታብ ለሚሠራ ሰው ያ በተን በስፔስ መጫኑን ያቆማል፤ ስለዚህ ከተቻለ ስፔስን ትታችሁ ኤፍ5ን ወይም ኮንትሮል ያለበትን ቁልፍ ምረጡ።

ጊዜ ከሚበሉት ስህተቶች ሁሉ ክፉው ዝም የሚለው ነው። ኪይ ስትሮክ በጽሑፍ ሲገለጽ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ አልት የሚሉት ቃላት በትንንሽ የላቲን ፊደላት፣ የቁልፉ ስም በትልልቅ ፊደላት ይጻፋል፤ በመካከላቸው ክፍት ቦታ እንጂ የመደመር ምልክት አይገባም። የመደመር ምልክት ካስገባችሁ ወይም ኤስን በትንሹ ከጻፋችሁ ጃቫ «ነል» (ምንም የለም ማለት) ይመልሳል፤ ኢንፑት ማፕ ደግሞ ነልን ሲቀበል ምንም ሳይናገር ያልፈዋል። ኤክሴፕሽን (የስህተት ማስታወቂያ) የለም። ቁልፉ ካልሠራ መጀመሪያ ኪይ ስትሮኩን ፕሪንት አድርጋችሁ ነል አለመሆኑን እዩ።

ያለ ኮንትሮል አንድ ፊደል ብቻውን ለመስኮቱ ሁሉ ትእዛዝ አታድርጉ። «ኤን ሲጫን ቀጣዩ ደንበኛ ይምጣ» ካላችሁ ተጠቃሚው በስም ሳጥን ውስጥ ኤን ሲጽፍ ሁለቱም ይሆናል፦ ፊደሉም ይጻፋል፣ ቀጣዩ ደንበኛም ይመጣል። የጽሑፍ ሳጥኑ የሚቀበለው ኪይ ታይፕድን ነው፤ ኪይ ፕሬስዱ አልፎ ወደ መስኮቱ ይደርሳል።

ኮንትሮልና አልትን በአንድ ላይ ከፊደል ጋር መጠቀምም አይመከርም። በጀርመን ኪቦርድ ላይ የኢሜይሉ «አት» ምልክት የሚወጣው አልት ጂአርን ከኪው ጋር በመጫን ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ አልት ጂአርን እንደ ኮንትሮልና አልት ነው የሚያየው። ፕሮግራማችሁን ጀርመን የሚኖር ሰው ከተጠቀመበት ኢሜይሉን ሲጽፍ ትእዛዛችሁ ይነሳበታል።

ለማክም የሚሠራ ከሆነ ኮንትሮልን በቀጥታ አትጻፉ። ከጃቫ 10 ጀምሮ «ቱልኪት» በሚባለው ክላስ ላይ ያለው «ጌት ሜኑ ሾርትከት ኪይ ማስክ ኢኤክስ» በማክ ላይ ኮማንድን፣ በሌላው ላይ ኮንትሮልን ይሰጣችኋል።

የሜኑ አክስለሬተር

ትእዛዙ ሜኑ ውስጥ የሚገኝ ከሆነ ኪይ ባይንዲንግ በእጅ መጻፍ አያስፈልግም፤ በሜኑ አይተሙ ላይ «ሴት አክስለሬተር» በቂ ነው። መስኮቱን ሁሉ ይሸፍናል፤ ቁልፉም ከሜኑው ስም ጎን ስለሚጻፍ ተጠቃሚው ያየዋል። ከሁሉም የምንመርጠው ይህንን ነው። አንድ አክሽን ሠርታችሁ ለሜኑውም ለቱልባር በተኑም ስጡ፤ አክሽኑን ስታጠፉት ሁለቱም አብረው ይደበዝዛሉ፣ ቁልፉም መሥራት ያቆማል። አክሽን ላይ የሚቀመጠውን የአክስለሬተር ቁልፍ የሚያነበው ሜኑ አይተም ብቻ እንደሆነ ግን አትርሱ፤ ጄበተን አያነበውም። ሜኑ ከሌለ ወደ ኪይ ባይንዲንግ ተመለሱ።

ሜኑዎቻችሁ በአማርኛ ከሆኑ ኒሞኒክ፣ ማለትም ከአልት ጋር የሚጫንና በሜኑው ስም ላይ የሚሰመርበት ፊደል፣ ብዙም አይጠቅምም። «ፋይል» የሚል ሜኑ ላይ አልትና ኤፍን ብታደርጉ ይሠራል፤ ነገር ግን በቃሉ ውስጥ የላቲን ኤፍ ስለሌለ የሚሰመርበት ፊደል የለም፣ ተጠቃሚው በምን ያውቀዋል? አክስለሬተር ይህ ችግር የለበትም።

ለሁኔታ፦ እዚህ ላይ ኪይ ሊስነር ይበልጣል

«ሁልጊዜ ኪይ ባይንዲንግ ተጠቀሙ» የሚለው ምክር በጌምና በስዕል ፕሮግራም ላይ ይሰናከላል። ደብልዩ ሲያዝ ገጸ ባሕሪው ወደ ላይ እንዲሄድ፣ ሲለቀቅ እንዲቆም ሁለት ባይንዲንግ ሠራችሁ እንበል። ተጫዋቹ ደብልዩን ይዞ ሺፍትን ይጨምራል፣ ከዚያ ደብልዩን ይለቃል። የመጣው ኪይ ስትሮክ «ሺፍት ያለበት የደብልዩ መለቀቅ» ነው፤ እናንተ የመዘገባችሁት ሺፍት የሌለበትን ነው። አይገጥሙም፤ ገጸ ባሕሪው ግድግዳ እስኪመታ ይሄዳል። ኪይ ሊስነር ግን ሺፍት ኖረም አልኖረም የቁልፍ ኮዱን ብቻ እያያችሁ እንድትሠሩ ይፈቅዳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተያዙትን ቁልፎች ኮድ የሚይዝ ሃሽ ሴት (አንድን ነገር ሁለቴ የማይመዘግብ ስብስብ) አዘጋጁ፤ ፕሬስድ ሲመጣ ጨምሩ፣ ሪሊዝድ ሲመጣ አውጡ። በፕሬስድ ውስጥ ገጸ ባሕሪውን በቀጥታ አታንቀሳቅሱ፤ ከመጀመሪያው ጭነት በኋላ ድግግሞሹ እስኪጀምር የሚታይ መቆም አለ፣ ፍጥነቱም በተጠቃሚው ኪቦርድ ሴቲንግ ይወሰናል። በምትኩ በየ16 ሚሊሰከንዱ የሚነሳ የስዊንግ ታይመር ሴቱን እያየ ያንቀሳቅስ፤ ይህ በሰከንድ ወደ 60 ፍሬም ይጠጋል። በኤክስ11 ላይ ለሚመጣው የሐሰት ሪሊዝድ ቁልፉን ወዲያው አታውጡት፤ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቃችሁ ያው ቁልፍ ፕሬስድ ካልላከ ያን ጊዜ አውጡት።

ቁልፍ እንደተያዘ ተጫዋቹ በአልትና ታብ ወደ ሌላ ፕሮግራም ከሄደ ሪሊዝዱ ወደ እናንተ አይደርስም። መስኮቱ ፎከስ ሲያጣ ሴቱን ባዶ አድርጉት። ስዕሉ ያለበት ኮምፖነንት ላይም «ኢነብል ኢንፑት ሜተድስ» የሚለውን ፎልስ አድርጉት፤ ጽሑፍ በማይጻፍበት ቦታ ኢንፑት ሜተድ (እንደ አማርኛ ያሉ ፊደላትን ከቁልፎች የሚያቀናብረው የሲስተሙ ክፍል) ቁልፎቹን እንዳይወስድባችሁ ነው። ሦስት ቁልፍ አብሮ ሲያዝ አንዱ የማይመጣ ከሆነ ኮዳችሁን ከመፈተሽ በፊት ሌላ ኪቦርድ ሞክሩ፤ ርካሽ ኪቦርዶች አንዳንድ ጥምረቶችን ከሃርድዌሩ ጀምሮ አይልኩም።

ዲስፓቸር እና ባርኮድ ስካነር

ኪይ ኢቨንት ዲስፓቸር ኢቨንቱ ወደየትኛውም ኮምፖነንት ከመድረሱ በፊት ያየዋል። «ትሩ» ከመለሰ ኢቨንቱ እዚያው ይቀራል። ኃይለኛ ነው፤ ስለዚህም አደገኛ ነው። የሚሠራው በአንድ መስኮት ሳይወሰን በፕሮግራሙ መስኮቶችና ዳያሎጎች ሁሉ ላይ ነው፤ መስኮቱ ሲዘጋ ካላነሳችሁት ሜሞሪ ውስጥ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ፕሮግራሙ ከጀርባ ሲሆን ግን ምንም አይሰማም፤ ለዚያ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የራሱን መንገድ መጥራት ያስፈልጋል።

ትክክለኛ ቦታው የሱቅ ወይም የፋርማሲ የሽያጭ ፕሮግራም ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ባርኮድ ስካነር ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው፤ ቁጥሩን እንደ ፈጣን ጸሐፊ ይጽፍና ኢንተር ይጫናል። ፎከሱ «ብዛት» በሚለው ሳጥን ላይ ካለ 13ቱ ቁጥሮች እዚያ ይጻፋሉ። ፎከሱ በበተን ላይ ከሆነ ደግሞ የመጨረሻው ኢንተር የመስኮቱን ዲፎልት በተን፣ ማለትም በኢንተር የሚሠራውን በተን፣ ሊጫን ይችላል፤ ያ በተን «ሽያጩን ዝጋ» ከሆነ ያልተጠናቀቀ ሽያጭ ተዘጋ ማለት ነው።

አንዳንዶች በፍጥነት ይለዩታል፦ በሁለት ፊደላት መካከል ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ካለፈ ስካነር ነው። ችግሩ የመጀመሪያው ቁጥር ብቻውን ሲመጣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ወደ ሳጥኑ ሾልኮ ይገባል። የተሻለው ከስካነሩ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ያሉትን የማስተካከያ ባርኮዶች ስካን አድርጎ ከእያንዳንዱ ንባብ በፊት መለያ ምልክት እንዲልክ ማድረግ ነው፤ በእጅ የማይጻፍ ምልክት ምረጡ። ዲስፓቸሩ መለያውን ሲያይ መዋጥ ይጀምራል፣ እስከ ኢንተር ድረስ። ፊደላቱን ከኪይ ታይፕድ ብቻ ሰብስቡ፤ ትሩ ግን ለሦስቱም ኢቨንቶች መልሱ። ፕሬስድን ብቻ ውጣችሁ ታይፕድን ከተዋችሁ ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ መታየቱ አይቀርም። ባርኮዱ ኢኤኤን 13 (ባለ 13 አሃዝ የዕቃ ባርኮድ) ከሆነ የመጨረሻውን የማረጋገጫ አሃዝ አስልታችሁ ካልገጠመ ንባቡን ጣሉ።

ባርኮዱ የላቲን ፊደል ካለበትና ኮምፒውተሩ ላይ አማርኛ ኪቦርድ ከበራ ስካነሩ የላከው ፊደል ፊደለ ግዕዝ ሆኖ ይወጣል፤ ዕቃውም «አልተገኘም» ይባላል። ገንዘብ ተቀባዩ ስካነሩ ተበላሸ ብሎ ያስባል። ስካነሩ በቨርቹዋል ሲሪያል ፖርት እንዲሠራ የሚያደርግ ሴቲንግ ካለው ወደዚያ ቀይሩት፤ ያን ጊዜ ከኪቦርዱ ጋር ምንም ንክኪ አይኖረውም።

ለጽሑፍ፦ ዶኩመንት ፊልተር

ስልክ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ሳጥን ለመሥራት በኪይ ታይፕድ ውስጥ ቁጥር ያልሆነውን ኮንስዩም ማድረግ የተለመደ ነው። በጣት ሲጻፍ ይሠራል። ተጠቃሚው ከቴሌግራም ኮፒ አድርጎ ፔስት ሲያደርግ ግን ሁሉም ይገባል፤ በማውስ ጎትቶ ሲጥልም እንዲሁ። ዶኩመንት ፊልተር የሚቆመው በጽሑፉ በር ላይ ስለሆነ ከየትም ቢመጣ ያየዋል። ሦስት ሜተድ አለው፦ ኢንሰርት ስትሪንግ፣ ሪፕሌስ፣ ሪሙቭ። በጣት ሲጻፍም ሆነ ፔስት ሲደረግ የሚጠራው ሪፕሌስ ነው፤ ኢንሰርት ስትሪንግን ብቻ የጻፈ ሰው ፊልተሩ ያልሠራ ይመስለዋል።

የኢትዮጵያ የሞባይል ቁጥር በ09 ወይም በ07 ሲጀምር 10 አሃዝ ነው፤ በ+251 ሲጀምር ከእሱ በኋላ 9 አሃዝ አለው። ፊልተሩ ሙሉውን ቅርጽ አይጠይቅ፤ ገና 0 ብሎ የጀመረን ሰው «ልክ አይደለም» ማለት ይሆናል። አሃዝንና መጀመሪያ ላይ የሚመጣ የመደመር ምልክትን ብቻ ያሳልፍ፤ በፔስት የመጡ ክፍት ቦታዎችንና ሰረዞችን ጽሑፉን ከመጣል ይልቅ አጽድቶ ያስገባ። ሙሉነቱን ከሳጥኑ ሲወጣ ኢንፑት ቬሪፋየር ይፈትሽ።

ለውጥን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ዶኩመንት ሊስነር ይበቃል። በውስጡ ሆናችሁ ያንኑ ጽሑፍ ለመቀየር ከሞከራችሁ ግን ኢሊጋል ስቴት ኤክሴፕሽን ይወረወራል።

አማርኛ ሲጻፍ የሚሆነው

ድምፅን ተከትሎ በላቲን ቁልፎች የሚጻፍበት አማርኛ ኪቦርድ ላይ «ሰላም» አምስት ጭነት ነው። ኤስ ሲጫን ስ ይወጣል፤ ኢ ሲከተል ስ ወደ ሰ ይለወጣል፤ ኤል ልን ያወጣል፣ ኤ ወደ ላ ይቀይረዋል፤ ኤም ምን ይጨምራል። ይህ ለውጥ ወደ ፕሮግራማችሁ የሚደርስበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው።

አንዳንዱ መጻፊያ ቀድሞ የወጣውን ፊደል በባክስፔስ አጥፍቶ አዲሱን ይልካል። ዶኩመንት ሊስነራችሁ ያን ጊዜ ለሦስት ፊደል ሰባት ለውጥ ያያል፤ በሳጥኑ ውስጥ በተራ ስ፣ ባዶ፣ ሰ፣ ሰል፣ ሰ፣ ሰላ፣ ሰላም ይታያሉ። እየተጻፈ የሚፈልግ ሳጥን ካላችሁ ሰባት ጊዜ ዳታቤዙን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ባዶ ስለሆነ የደንበኞችን ዝርዝር በሙሉ ያመጣል። ስክሪኑ የሚንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። 300 ሚሊሰከንድ የሚጠብቅ፣ የማይደጋገም የስዊንግ ታይመር አዘጋጁና በየለውጡ «ሪስታርት» በሉት፤ ጸሐፊው ጣቱን ሲያሳርፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈልጋል። ባክስፔስን ለሌላ ትእዛዝ፣ ለምሳሌ ወደ ኋላ ለመመለስ፣ የሰጠ ፕሮግራምም በዚህ መጻፊያ ላይ ይበላሻል።

ሌላው በሲስተሙ ኢንፑት ሜተድ በኩል ይሠራል። ያላለቀው ፊደል እንደ ጊዜያዊ ጽሑፍ ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲያልቅ ይጸናል። በጽሑፍ ሳጥን ላይ የተሰካ ኪይ ሊስነር ለዚህ ፊደል ኪይ ታይፕድ እንደሚመጣለት መተማመን አይችልም። ፊልተሩ ግን ጊዜያዊውንም ያያል፤ «ኮምፖዝድ ቴክስት አትሪቢዩት» የሚል ምልክት ይዞ ይመጣል። ይህ ምልክት ያለበትን ጽሑፍ ፊልተራችሁ ሳይነካ ያሳልፍ፤ ካልሆነ ፊደሉ ሳይወለድ ይቆረጣል።

ስም የሚቀበል ሳጥን ላይ ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚፈቅድ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (የጽሑፍ ቅርጽ መፈተሻ) «አበበ»ን ይከለክላል። «ካራክተር» ክላስ ላይ ያለው «ኢዝ ሌተር» ፊደሎቻችንን ያውቃል። ኢትዮፒክ ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ ከተፈለገ በዩኒኮድ ስክሪፕት ፈትሹ፤ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ያለውን ክልል በእጅ መጻፍ በኋላ የተጨመሩትን ብሎኮች ያስቀራል። በ2021 ዩኒኮድ 14 የጨመራቸው የጉራጊኛ ፊደላት ከመጀመሪያዎቹ 65,536 ቦታዎች ውጪ ስለሆኑ ጃቫ ውስጥ አንዱ ፊደል ሁለት ቻር (የጃቫ የፊደል መያዣ) ይይዛል፤ ርዝመትን በኮድ ፖይንት (በዩኒኮድ የፊደል ቁጥር) ቁጠሩ። ፩፣ ፪፣ ፫ ደግሞ ለ«ኢዝ ዲጂት» አሃዝ አይደሉም።

የይለፍ ቃል ሳጥን በነባሪው ኢንፑት ሜተድን ያጠፋል፤ እየተሠራ ያለው ፊደል በግልጽ እንዳይታይ ነው። እንዳለ ተዉት።

በሌሎች ቱልኪቶች

ምርጫው በሌሎች የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪዎችም ያው ነው፤ ስሙ ይለያል። ኪውት ላይ ለትእዛዝ ኪው አክሽን ወይም ኪው ሾርትከት፣ ለሁኔታ ኪይ ፕሬስ ኢቨንት፣ ለጽሑፍ ኢንፑት ሜተድ ኢቨንት አለ፤ ድግግሞሽን የሚለየው «ኢዝ አውቶ ሪፒት» ከስዊንግ ይልቅ ሥራ ያቀልላል። ጃቫ ኤፍኤክስ ላይ የሲኑ (የመስኮቱን ይዘት የሚይዘው ክፍል) አክስለሬተሮችና ቴክስት ፎርማተር ተመሳሳዩን ይሠራሉ። በፓይተን ቲኪንተር ኮንትሮልን ከትንሹ ኤስ ጋር ብቻ ባይንድ ካደረጋችሁ ካፕስ ሎክ ሲበራ አይሠራም፤ ትልቁንም ጨምሩ።

ፕሮግራሙን ከማስረከባችሁ በፊት አማርኛ ኪቦርድ አብርታችሁ እያንዳንዱን አቋራጭ ቁልፍ ሞክሩ፤ ካፕስ ሎክ አብርታችሁ ድገሙት፤ እያንዳንዱን በተን በማውስ ከተጫናችሁ በኋላ ደግሞ ሞክሩ። ማውሱን ነቅላችሁ በታብ ብቻ ከመጀመሪያው ሳጥን እስከ «አስቀምጥ» ድረስ ሂዱ። ቀስት እንደያዛችሁ አልትና ታብ ተጫኑና ተመለሱ። በየሳጥኑም ከሌላ ቦታ ኮፒ የተደረገ፣ ክፍት ቦታና አማርኛ የተቀላቀለበት ጽሑፍ ፔስት አድርጉ።